በቋሚውና በአግዳሚው መካከል

አንድ በስስ ብረት ቤት የሚያቆም ሰው ነበር፤ ስሙ ይርሳው ይባላል። እናትና አባቱ ተከታትለው ሲሞቱበት ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ነበርና ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ አለኸኝ ነው። አለኸኝ ትምህርቱን አቋርጦ ላሜራ ቤት ተቀጠረ። ታናሹን አበላ፣ አለበሰ፣ ታሞ ሲያድር አዝሎ አደረ። የራሱን ጎጆ ሳይወጣ ጠጉሩ ሸበተ። ሰዎች "ለምን አታገባም?" ሲሉት "ቆይ፣ ልጄን ላድርስ" ይላቸው ነበር። ልጄ የሚለው ወንድሙን ነው።

ይርሳው ሲያድግ አብረው መሥራት ጀመሩ። ሥራቸው ለከተማዋ አዲስ ነበር። ሰው ቤቱን በእንጨትና በጭቃ፣ አቅም ያለውም በብሎኬት በሚሠራበት አገር እነሱ በእጅ ሊታጠፍ የሚደርስ ስስ ላሜራ ይዘው ብቅ አሉ። አለኸኝ ታችኛው ሰፈር ባለችው ወርክሾፑ ላሜራውን ይቆርጣል፣ ያጥፋል። ይርሳው የታጠፈውን ወስዶ ቤት አድርጎ ያቆመዋል። መጀመሪያ እንደ ቦይ የታጠፈ አግዳሚ መሬት ላይ ይተኛል። በቦዩ ውስጥ ቋሚዎቹ ይተከላሉ። ከላይ ሌላ ቦይ ይደፋባቸውና በብሎን ይታሰራሉ። ከዚያ በኋላ ከውጭም ከውስጥም በቦርድ ይለበጣል። ሥራው ሲያልቅ ብረቱ ከዓይን ይሰወራል፤ ለሰው የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው።

ችግሩ የነበረው እዚያ በማይታየው ቦታ ነው። ቋሚው ቦዩ ውስጥ ሲገባ እስከ ታች አይወርድም፤ ከሥሩ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ትቀራለች። ይርሳው በመዶሻ ይመታዋል፤ ጫፉ ይጣመማል እንጂ አይወርድም። በሞረድ ይሞርደዋል፤ ያው ነው። ሲሰለቸው ባለበት በብሎን ያስረውና ቦርዱን ይለብጥበታል። ቤቱ ይቆማል፣ ቁልፉን ያስረክባል፣ ምርቃት ተቀብሎ ይወጣል።

ይህን ነገር ለወንድሙ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ምክንያት ነበረው። ሥራ በጀመሩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ወርክሾፑ ድረስ መጥቶ "ብረትህ አይገጥምም" ብሎ አለኸኝን ሰው ፊት አዋርዶት ነበር። ሰውየው ሲሄድ አለኸኝ በሩን ዘግቶ ብረቱን ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ለካው። ልኩ ልክ ነበር። ስህተቱን ማጣቱ ደግሞ ከስድቡ ይበልጥ ጎዳው። እህል አልወርድ አለው። ይርሳው ሊያየው ቢመጣ ወንድሙ መቁረጫው ፊት ቁጭ ብሎ እጆቹን እያገላበጠ ሲያያቸው አገኘው። ያሳደጉት እጆች ናቸው። ይርሳው "ከእንግዲህ ይህን ሰው በሥራው የሚያሳዝነው የለም" ብሎ ለራሱ ማለ።

ከዚያ ወዲህ እራት ላይ አለኸኝ "ብረቱ እንዴት ሆነልህ?" ብሎ ሲጠይቀው መልሱ አንድ ነበር።

"ልክክ ነው ያለው ጋሼ።"

አለኸኝም ፊቱ ይፈካና ከራሱ ድርሻ ቆርሶ ያጎርሰው ነበር።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ስንዱ የምትባል መምህርት ቤት እንዲሠሩላት መጣች። ቤቱን የምትፈልገው ለአባቷ ነው። አያ ቢሰጥ በገጠር ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እርጅና ላይ ዓይናቸው ጠፋ። ልጃቸው ወደ ከተማ ልታመጣቸው ለምና ለምና ነበር እሺ ያሏት።

"እኔ ትምህርት ቤት ስውል ብቻቸውን ነው የሚውሉት" አለችው ይርሳውን። "በዱላ መሄድ አይወዱም፤ የሚሄዱት ግድግዳ ዳብሰው ነው። ግድግዳውን መሪያቸው አድርገህ ሥራልኝ። በሮቹም ሳያስቸግሯቸው የሚከፈቱ ይሁኑ።"

ሥራው ተጀመረ። አያ ቢሰጥ በየቀኑ ይመጡና ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ጨዋታ ያመጣሉ። "ይህ ጎረምሳ በቆርቆሮ ቀፎ ሊሠራልኝ ነው" እያሉ ያሾፉበታል። "ዛሬ ምን አቆምክ?" ይሉታል። "የእርስዎን መኝታ ቤት።" "እስቲ አሳየኝ።" ያን ጊዜ ይርሳው እጃቸውን ይዞ ብረቱን ያስነካቸዋል። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች ይዳብሱታል፤ እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል። ይርሳው አባት አያውቅምና እየዋለ እያደረ ወደዳቸው።

አንድ ቀን ታዲያ አያ ቢሰጥ ጎንበስ ብለው የአንዱን ቋሚ ሥር ሲዳብሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይርሳው፣ ይህ ብረት ታች አልደረሰም መሰለኝ።"

ይርሳው ደነገጠ። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። የወንድሙ ፊት ድቅን አለበት።

"እንዲያ ነው የሚሠራው አያ። ሆን ተብሎ ነው።"

"እንዲያ ከሆነማ ጥሩ" አሉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ቢጠራጠሩት ይሻለው ነበር። ማመናቸው ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ዋለ። ቢሆንም ቦርዱን ለበጠበት።

ቤቱ አልቆ አባትና ልጅ ገቡበት። አያ ቢሰጥ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ በመዳፋቸው እየተመሩ ያለ ረዳት መሄድ ለመዱ። ስንዱ ደስታዋ ወሰን አጣ። ክረምቱ ሲቃረብ የቧንቧ ውሃ የሚጠፋበትን ቀን አስባ ጣራው ላይ የውሃ ታንከር አሰቀለች። ታንከሩ ሲሞላ ክብደቱ ቋሚዎቹ ላይ ዐረፈ። ታች ያልደረሱት ቋሚዎች የያዛቸውን ብሎን እያላሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰመጡ። እነሱ ሲሰምጡ የመኝታ ቤቱ በር ጉበንም አብሮ ወረደ። ማንም አላየውም።

አንድ ዝናባማ ቀን ይርሳው የቀረችውን የበረንዳ ቀለም ሊጨርስ ከሰዓት በኋላ መጣ። ስንዱ ትምህርት ቤት ናት። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ምንም አያሰማም። ቀለሙን ሊከፍት ሲል ግን ከውስጥ የደከመ ኳኳታ ሰማ።

"አያ! እኔ ነኝ፣ ይርሳው!"

"መጣህ?" አሉ ከበሩ ጀርባ። ድምፃቸው ሰልሏል። "በሩ እምቢ አለኝ ልጄ። ስንዱ ከወጣች ጀምሮ ብስበው፣ ብገፋው እምቢ አለ። ምን እንዳስቀየምኩት እንጃ።"

ይርሳው በሩን በትከሻው ገፋው፤ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብሎ ሲያይ ጉበኑ በሩ ላይ ተጭኖ እንደ መንጋጋ ነክሶታል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባው። ቢላዋውን አውጥቶ ከበሩ ጎን ያለውን ቦርድ ቀደደ፤ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል በጎኑ ሾልኮ ገባ።

አያ ቢሰጥ ግድግዳውን ተደግፈው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። በር ሲደበድቡ የዋሉ እጆቻቸው ተልጠዋል። ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ሰብስበው ይዘውታል።

"ዞር በል ልጄ፣ አትየኝ" አሉት። "ሽንት ቤቱ ከበሩ ወዲያ ነው። ብዙ ታግሼ ነበር።"

ይርሳው ጎንበስ ብሎ አቅፎ አነሣቸው።

"ምንም አይደል አያ። ምንም አይደል።"

"ለስንዱ እንዳትነግራት። ወደ ከተማ በማምጣቷ ትጸጸታለች።"

"አልነግራትም።"

ውሃ አሞቀ። እንደ አባቱ አጠባቸው፣ ደረቅ ልብስ አለበሳቸው፣ የቆሰሉትን ጣቶች በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለላቸው። የረጠበውን ሱሪ አጥቦ በረንዳ ላይ ሰጣው። ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ እግራቸውን ሲያደርቅላቸው ሽማግሌው እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

"ይህ እጅህ ይባረክ" አሉ። "ቤት የሠራልኝ እጅ፣ ያጠበኝ እጅ፣ ይባረክ።"

ይርሳው ምርቃቱን መሸከም አቃተው።

"አያ፣ ዋሽቼዎት ነበር። ያ በጣትዎ ያገኙት ክፍተት ሆን ተብሎ አልነበረም። በሩን የቆለፈብዎት እሱ ነው።"

አያ ቢሰጥ እጃቸውን ከራሱ ላይ አላነሡም።

"ታውቀው ነበር?"

"አውቀው ነበር።"

"ማንን ፈርተህ ነው?"

"ፈርቼ አይደለም። ብረቱን የሚያዘጋጀው ወንድሜ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። አይገጥምም ብዬ ልቡን መስበር አልቻልኩም።"

ሽማግሌው "ሕፃን ሳለህ የተሸከመህ እሱ ነው?" ሲሉ ጠየቁት።

"አዎ አያ።"

"ታዲያ አንተን የሚያህል ሸክም የቻለ ሰው አንዲት ቃል ያቅተዋል ብለህ ነው?"

ይርሳው ፊቱን ጉልበታቸው ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ስንዱ ስትመጣ የተቀደደውን ግድግዳና የአባቷን እጅ አየች። ይርሳው የራሱን ጥፋት አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ክፍተቱን፣ ዝምታውን፣ ለአባቷ የዋሸውን ውሸት። አልጮኸችበትም። አባቷ አጠገብ ተቀምጣ የተጠቀለሉትን ጣቶች ስትዳብስ ቆየች።

"ሱሪያቸውስ ለምን ታጠበ?" አለች በመጨረሻ።

"ውሃ ደፋሁባቸው" አለ ይርሳው። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

አያ ቢሰጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሂድና ወንድምህን ይዘኸው ና" አለችው ስንዱ።

ይርሳው ዝናቡ እየመታው ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደ። አለኸኝ ላሜራ እያጠፈ ነበር። ወንድሙን በዝናብ በስብሶ ሲያየው ፎጣ ሊያቀብለው ተነሣ።

"ጋሼ፣ ብረቱ አይገጥምም።"

"የትኛው?"

"ሁሉም። ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ። ልክክ አለ ስልህ የኖርኩት ውሸት ነው።" ከዚያም የአያ ቢሰጥን ነገር አወራው። ሱሪያቸው ረጥቦ እንዳገኛቸው ብቻ ለራሱ አስቀረው።

አለኸኝ ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ይርሳው የፈራው ሰዓት ይኸው መጣ። ጋሼው ቀስ ብሎ ተቀመጠና በፎጣው የራሱን ፊት ጠረገ።

"እኔም የምነግርህ አለ" አለ። "ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው ሰዎች እዚህ እየመጡ ይነግሩኝ ነበር። በጉበኑ ጥግ፣ በበሩ አናት። አቋቋምህ ተንሻፎ ነው አልኩ በልቤ። ለአንተ ግን እንዴት ብዬ? እየተሸማቀቅህ ያደግህ ልጅ ነህ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስቱኮ ይዤ እሄድና ስንጥቁን ራሴ እደፍነው ነበር። ላሜራ ሲሞቅና ሲበርድ ነው እላቸዋለሁ።"

ይርሳው ጠጋ አለው። "እሑድ ዘመድ ልጠይቅ ነው የምትለኝ ለዚህ ነበር?"

"የትኛው ዘመድ አለን?"

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ።

"እኔ ያንተን ስሸፍን፣ አንተ የእኔን ስትሸፍን" አለ አለኸኝ፣ "መሐል ላይ አንድ ሽማግሌ በር ተቆለፈባቸው።" ተነሥቶም ካፖርቱን ለበሰ። "ና እንሂድ። ብረቱን አሳየኝ።"

አለኸኝ ከዚያ በፊት የሚሠራ ቤት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይርሳው እንዳይመጣ በሰበብ ሲያስቀረው ነበር የኖረው። አሁን ጎን ለጎን ሆነው ታንከሩን አወረዱ፣ የተቀደደውን ግድግዳ ገለጡ። ቋሚውን ለኩት፤ ልክ ነው። አግዳሚውን በውሃ ልክ አዩት፤ ልክ ነው። አለኸኝ ግራ ገባው። ኋላ ላይ ከእጁ ጥፍር ሥር የማይጠፋውን ጥቁር የማሽን ቅባት፣ ግራሶውን፣ አየና አንድ ሐሳብ መጣለት። በአዲስ ቦይ ውስጥ ግራሶ ቀብቶ አዲስ ቋሚ አስገባ። ይርሳው ከላይ ተጫነው። ሲያወጡት የቋሚው ጫፍ መሐሉ ንጹሕ ነው፤ የጠቆሩት ሁለቱ ጠርዞቹ ብቻ ናቸው።

"ጥጉ!" አለ ይርሳው። "ጥጉ ላይ ነው የቆመው።"

እውነትም እንዲያ ነበር። ላሜራ ሲታጠፍ ጥጉ እንደ ቢላዋ አይሾልም፤ ጥቂት ይከብባል። የቋሚው ጠርዝ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥታው ክቡ ላይ ይቀመጥና ወደ ታች አልወርድም ይላል። አለኸኝ የሚለካው ርዝመቱን ነው፤ ይርሳው የሚያየው ክፍተቱን ነው። ጥጉን ለማየት ሁለቱም አንድ ቋሚ ሥር አብረው መንበርከክ ነበረባቸው።

አለኸኝ ወደ ወርክሾፑ ተመልሶ የቋሚዎቹን ጫፍ ወደ ውስጥ ትንሽ ሰብሰብ የሚያደርግ መቆንጠጫ ሠራ፤ ጫፉ ክቡን አልፎ እንዲወርድ። ይርሳውም በበኩሉ ልማዱን ቀየረ። ብሎን ከማሰሩ በፊት ላይኛውንና ታችኛውን ቦይ በማጥበቂያ እርስ በርስ ያቀራርባል፤ ቋሚው ታች መድረሱን በጣቱ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ብቻ ያስራል። መጀመሪያ የሞከሩት ቋሚ ጠቅ ብሎ ሲቀመጥ አለኸኝ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ አለቀቀውም።

የስንዱ ቤት እንደገና ሲሠራ አባትና ልጅ የወንድማማቾቹ ቤት ተቀመጡ። አያ ቢሰጥና አለኸኝ ተዋደዱ፤ ማታ ማታ ሽማግሌው ስለ ንብ፣ አለኸኝ ስለ ላሜራ ያወራሉ፤ አንዱም የሌላውን ሥራ አያውቅ፣ ጨዋታቸው ግን አያልቅም። ቤቱ ሲያልቅ ሁለቱ ወንድማማቾች ሌላ ነገር አደረጉ። ከዚያ በፊት የሠሯቸውን ቤቶች በየተራ አንኳኩ። "የሠራንላችሁ ግድግዳ ውስጥ ጉድለት አለ፤ ልናስተካክል መጥተናል" አሉ። የሰደባቸው አለ። በር የዘጋባቸው አለ። አንዲት እናት ደግሞ ስንጥቁ እየሰፋ ልጆቿን የት እንደምታስተኛ ስታስብ የኖረች ነበረችና የሰማችውን ማመን አቅቷት እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። ሥራው ክረምቱን ሙሉ አደከማቸው። አለኸኝ ግን ከድካሙ ጋር አንድ ነገር አስተዋለ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ የሚዋሸው ሰው የለውም። ወንድሙ አጠገቡ ነው፤ ስቱኮውንም አብረው ነው የሚይዙት።

ወዳጄ ሆይ፣ ይርሳው በዚያ ዝናባማ ቀን ሁለት ነገር በእጁ ነበር። አንዱ የአያ ቢሰጥ ውርደት ነው፤ ሸፈነው፤ መልካም አደረገ። ሌላው የቋሚዎቹ ክፍተት ነው፤ እሱንም ለፍቅር ብሎ ሸፍኖት ኖሮ ነበር፤ ሰው ጎዳ። ሁለቱም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው። ልዩነታቸው ይህ ነው፦ የሰው ገመና ላይ ማንም አይደገፍበትም፤ ብትሸፍነው ባለቤቱ ይድናል። ሌላ ሰው አምኖ የሚደገፍበትን ጉድለት ብትሸፍን ግን ሸክሙ የመጣ ቀን የሚወድቀው ያ ያመነህ ሰው ነው። የሚወዱህም ቢሆኑ አንተ ከምታስበው በላይ ጠንካሮች ናቸው፤ እውነቱን ሰምተው አብረውህ ሊንበረከኩ ይችላሉ።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ለምንወደው ሰው ስንል ዝም ያልነው ነገር የቱ ነው? በዝምታችን ላይስ ተማምኖ የሚኖር ማን አለ?